ሁለት ጊዜ የተፈተነ ተማሪ የትኛውን ውጤት ይላክ?



ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ በሰው ቤት ደክማችሁ በምታገኙት ደመወዝ ወንድም፣ እህት ወይም የራሳችሁን ልጅ አገር ቤት ታስተምራላችሁ። ልጁ ጎበዝ ሆኖ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ አንድ አዲስ ነገር በስልክ ይመጣል። «እትዬ፣ አሜሪካ ለመማር ኤስ.ኤ.ቲ. የሚባል ፈተና አለ፤ የመመዝገቢያ ላኪልኝ» ይላል። ገንዘቡ ይላካል። ከጥቂት ወራት በኋላ «ውጤቴ የጠበቅሁትን ያህል አይደለም፤ እንደገና ልፈተን» ይላል። ቀጥሎም «ውጤቱን ለየኮሌጁ ለመላክ ሌላ ክፍያ አለ» ይባላል። ላኪዋ እህት የሚባለው እውነት ይሁን አይሁን የምታጣራበት መንገድ ስለሌላት፣ ወይ ያላትን ሁሉ ትልካለች፣ ወይ ተስፋ ቆርጣ ትተወዋለች። ሁለቱም ያሳዝናል።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሦስት ጥያቄዎችን እንመለከታለን። አንደኛ፣ ይህን ፈተና ስንት ጊዜ መውሰድ ይጠቅማል? ሁለተኛ፣ ከአንድ በላይ ውጤት ያለው ተማሪ የትኛውን ይላክ? ሦስተኛ፣ ጥሩውን ብቻ መላክ ማታለል ነውን? ትምህርቱን አንብባችሁ ስትጨርሱ አገር ቤት ላለው ተማሪ በስልክ ብታነቡለት መልካም ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ፈተናው ምን ዓይነት ነው?

እኛ የምናውቀው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ጀምሮ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ይፈተኑታል። ውጤቱ አንድ ጊዜ ይወጣል፤ የዚያ ዓመት ዕድልም በእርሱ ይወሰናል። ስለዚህ «ፈተና» ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው በአንድ ቀን የሚሰጥ ፍርድ ነው።

የአሜሪካኖቹ ፈተና እንዲህ አይደለም። ኤስ.ኤ.ቲ.ን የሚያዘጋጀው መንግሥት ሳይሆን ኮሌጅ ቦርድ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። በዓመት ውስጥ በተለያዩ ወራት ይሰጣል፤ ተማሪው ከአንድ ጊዜ በላይ ሊወስደው ይችላል። ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንዱ የእንግሊዝኛ ንባብና ጽሑፍ፣ ሌላው ሒሳብ ነው። እያንዳንዱ ከ200 እስከ 800 ነጥብ ይሰጥበታል፤ ስለዚህ ጠቅላላው ከ400 እስከ 1600 ይሆናል። ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ተማሪዎች ከመጋቢት 2023 ወዲህ ፈተናው በወረቀት መሆኑ ቀርቶ በላፕቶፕ ወይም በታብሌት የሚሰጥ ሆኗል። ጊዜው 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። በስልክ መፈተን አይቻልም። ይህን አስቀድማችሁ እወቁ፤ ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ ከትምህርት ቤት ወይም ከዘመድ የሚዋስበትን መንገድ ቀደም ብሎ ማሰብ አለበት።

ኤ.ሲ.ቲ. የሚባል ሌላ ተመሳሳይ ፈተናም አለ። ነጥቡ ከ1 እስከ 36 ነው። ኮሌጆቹ ሁለቱን እኩል ስለሚቀበሉ ለሁለቱም መክፈል አያስፈልግም፤ አንዱን መርጦ በእርሱ መትጋት ይሻላል። ቶፍል የሚባለው ግን የተለየ ነው። እርሱ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ መለኪያ ሲሆን ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ያለጊዜው የተወሰደ ቶፍል ማመልከቻው ሳይደርስ ሊያልፍበት ይችላል።

2. ኮሌጆቹ ብዙ ውጤትን እንዴት ያያሉ?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ኮሌጅ አንድ ዓይነት ደንብ የለውም። በአምስት ከፍለን እንያቸው።

ሀ) ከየፈተናው የተሻለውን ክፍል የሚወስዱ። ይህ አሠራር ሱፐርስኮር ይባላል። ኮሌጁ ከአንዱ ቀን የሒሳቡን፣ ከሌላው ቀን የንባቡን ከፍተኛ ነጥብ ወስዶ ይመለከታል። ኤም.አይ.ቲ. የሚባለው ታዋቂ የቴክኖሎጂ ተቋም በየክፍሉ የተገኘውን ከፍተኛ ነጥብ ከሚያዩት አንዱ ነው።

ለ) ከአንድ ቀን ፈተና የተገኘውን ከፍተኛ ድምር የሚያዩ። እነዚህ አይቀላቅሉም፤ ከተፈተነባቸው ቀኖች ድምሩ የበለጠውን አንዱን ይወስዳሉ።

ሐ) የተፈተናችሁትን ሁሉ ላኩ የሚሉ። ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ዋሽንግተን ከተማ የሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ በዚህ ደንቡ ለብዙ ዓመታት የታወቀ ነው።

መ) መላኩን ለተማሪው ምርጫ የተዉ። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ፈተናዎች ሲሰረዙ ብዙ ኮሌጆች «ውጤት የሌለውም ማመልከት ይችላል» አሉ። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በዚሁ ቀጥለዋል። ጥቂቶች ግን ወደ ቀድሞው ተመልሰዋል፤ ኤም.አይ.ቲ. በ2022፣ ዳርትመዝና ሐርቫርድ ደግሞ በ2024 ፈተናውን እንደገና ግዴታ ማድረጋቸውን አስታውቀዋል።

ሠ) ውጤቱን ጨርሶ የማያዩ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፎች ተማሪ ለመቀበል ኤስ.ኤ.ቲ.ን አይመለከቱም። ለእነርሱ ብቻ የሚያመለክት ተማሪ ለዚህ ፈተና ገንዘብ ማውጣት የለበትም።

እንግዲህ ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት ሊያመለክትባቸው ያሰባቸውን ኮሌጆች በወረቀት ዘርዝሮ በየስማቸው አጠገብ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ» ብሎ ይጻፍ። ደንቡ በየዓመቱ ሊለወጥ ስለሚችል ከጓደኛ ሰምቶ ሳይሆን ከኮሌጁ ከራሱ ገጽ አንብቦ ይሙላ። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን ወረቀት አንብብልኝ በሉት። ወረቀቱ ከሌለ፣ ዝግጅቱም ገና ነው ማለት ነው።

3. በምሳሌ እንየው

አንዲት ተማሪ ሁለት ጊዜ ተፈተነች እንበል። በመጀመሪያው ቀን በንባብ 610፣ በሒሳብ 700 አገኘች፤ ድምሩ 1310 ነው። በሁለተኛው ቀን በንባብ 660፣ በሒሳብ 680 አገኘች፤ ድምሩ 1340 ሆነ። ሒሳቧ በ20 ነጥብ ስለ ቀነሰ ልትበሳጭ ትችላለች። ነገር ግን እንመልከት።

የ«ሀ» ዓይነት ኮሌጅ ከሁለተኛው ቀን 660ን፣ ከመጀመሪያው ቀን 700ን ወስዶ 1360 ያደርግላታል። ስለዚህ ለዚህ ኮሌጅ የሁለቱንም ቀን ውጤት መላክ አለባት። ሁለተኛውን ብቻ ብትልክ 20 ነጥብ በገዛ እጇ ጣለች ማለት ነው።

ለ«ለ» ዓይነት ኮሌጅ የሁለተኛው ቀን 1340 ይበቃል። የመጀመሪያውን ብትጨምርም አይጎዳትም።

ለ«ሐ» ዓይነት ኮሌጅ ሁለቱንም ትልካለች፤ ምርጫ የላትም።

ለ«መ» ዓይነት ኮሌጅ አስቀድማ ታስብበታለች። ኮሌጆች የተቀበሏቸው ተማሪዎች ውጤት ከየት እስከ የት እንደሆነ ያወጣሉ። የሚያወጡትም መካከለኛዎቹ ግማሽ ተማሪዎች ያሉበትን ነው፤ አንድ አራተኛው ከታች፣ አንድ አራተኛው ከላይ ነው። የእርሷ ውጤት በዚያ ውስጥ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ትላክ።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር እንጨምር። ዳርትመዝ በ2024 ፈተናውን ሲመልስ ምክንያቱን በጥናት አሳይቷል። ከዝቅተኛ ኑሮ የመጡ ተማሪዎች ውጤታቸው ያነሰ መስሏቸው ሳይልኩ ይቀሩ ነበር፤ ቢልኩት ግን ይጠቅማቸው ነበር። መራጮቹ ቁጥሩን ብቻ አያዩም፤ ተማሪው የተማረበትን ትምህርት ቤትና ያደገበትን ኑሮ አብረው ይመለከታሉና። ብዙ መጻሕፍትና አስጠኚ በነበረው ልጅና በሻማ ባጠናው ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ይታያቸዋል። ስለዚህ ውጤቱ ከኮሌጁ መካከለኛ ትንሽ ዝቅ ያለ እንደሆነ ተማሪው በኀፍረት አይደብቀው፤ አማካሪ ጠይቆ ይወስን።

4. የመላኩ ሥርዓትና ክፍያው

ኮሌጅ ቦርድ ከ2009 ጀምሮ ስኮር ቾይስ የሚባል አሠራር አለው። ተማሪው የትኛውን ቀን ፈተና ለኮሌጁ እንደሚልክ ራሱ ይመርጣል። ነገር ግን የሚመረጠው ቀን እንጂ ክፍል አይደለም። የአንዱን ቀን ሒሳብ ብቻ ቆርጦ መላክ አይቻልም፤ የዚያ ቀን ውጤት ሙሉውን ይሄዳል። መቀላቀሉ የኮሌጁ ሥራ ነው።

ስለ ክፍያው ሦስት ነገር እወቁ።

አንደኛ፣ የተመዘገበ ተማሪ ለአራት ኮሌጆች ውጤቱን በነጻ መላክ ይችላል። ይህ ዕድል ከፈተናው ቀን በኋላ እስከ ዘጠኝ ቀን ድረስ ብቻ ነው። ችግሩ ውጤቱ ገና ሳይታይ መወሰን ማስፈለጉ ነው። ለ«ሐ» ዓይነት ኮሌጅ ግን ሁሉም መላኩ ስለማይቀር ነጻውን መጠቀም ብልህነት ነው። ለ«ሀ» ዓይነትም ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም።

ሁለተኛ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ይከፈላል። በቅርብ ዓመታት ክፍያው 15 ዶላር ገደማ ነው። አሥር ኮሌጅ ሲሆን 150 ዶላር ገደማ ይደርሳል።

ሦስተኛውን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ብዙ ኮሌጆች በማመልከቻው ጊዜ ተማሪው ውጤቱን ራሱ እንዲጽፍ ይፈቅዳሉ። ከኮሌጅ ቦርድ በቀጥታ የሚመጣውን ማረጋገጫ የሚጠይቁት ተማሪው ከተቀበሉት በኋላ ነው። ስለዚህ ለአሥር ሳይሆን ለሚገባበት ለአንዱ ብቻ ይከፍላል። «ለሁሉም አሁኑኑ መክፈል አለብኝ» ሲባል፣ «የትኞቹ ናቸው ራስህ ጻፍ የሚሉት?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ አንድ ጥያቄ ብቻ የብዙ ቀን ድካም ሊያድንላችሁ ይችላል።

5. ስንት ጊዜ ይፈተን?

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው አስተምሯል። መሠረቱን ጥሎ መጨረስ አቅቶት መሳለቂያ እንዳይሆን ሰውየው አስቀድሞ ወጪውን ያሰላል። እኛም እናስላ።

ከአሜሪካ ውጭ የአንድ ጊዜ የኤስ.ኤ.ቲ. መመዝገቢያ ከ100 ዶላር በላይ ነው። ኮሌጅ ቦርድ በአሜሪካ ላሉ ድሆች ተማሪዎች ክፍያውን ያነሣል፤ ይህ ግን በኢትዮጵያ ላለ ኢትዮጵያዊ ተማሪ አይደርስም። የወር ደመወዟ 200 ዶላር የሆነች እህት ለሁለት ጊዜ ፈተና የአንድ ወር ሙሉ ልፋቷን ትሰጣለች ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ እንመክራለን።

መጀመሪያ፣ ሳይከፈል ይለማመድ። ኮሌጅ ቦርድ ብሉቡክ በሚባለው ፕሮግራሙ ሙሉ የልምምድ ፈተናዎችን በነጻ ይሰጣል። ካን አካዳሚ የሚባለው ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ለዚህ ፈተና ነጻ ትምህርት ያቀርባል። ተማሪው ሰዓት ይዞ ቢያንስ ሁለት የልምምድ ፈተና ሳይሠራ የመመዝገቢያ ገንዘብ አትላኩ።

ሁለተኛ፣ በአሥራ አንደኛ ክፍል በመጋቢት ወይም በግንቦት አካባቢ አንድ ጊዜ ይፈተን። ከዚያ ክረምቱን በደከመበት ክፍል ላይ ይትጋ። በነሐሴ ወይም በጥቅምት ሁለተኛውን ይውሰድ። ቀድመው የሚቀበሉ ኮሌጆች ማመልከቻ የሚዘጋው በኅዳር መጀመሪያ አካባቢ፣ የመደበኛው ደግሞ በጥር መጀመሪያ አካባቢ ነው። (ወሮቹ ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።)

ሦስተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ ለመፈተን ምክንያት ያስፈልጋል። «ምናልባት ይሻሻል» ምክንያት አይደለም። በልምምድ ፈተና ላይ ውጤቱ በርግጥ ከፍ ማለቱ ከታየ ግን ምክንያት ነው። ሳያጠኑ ደጋግሞ መፈተን ያንኑ ውጤት ደጋግሞ መግዛት ነው።

6. ስምና የልደት ቀን

ብዙዎችን የሚያሰናክል ትንሽ ነገር አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችን፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ተማሪው በመጀመሪያው ፈተና ላይ በአባቱ ስም፣ በሁለተኛው በአያቱ ስም ቢመዘገብ፣ ወይም ፊደሉን አንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት፣ ሌላ ጊዜ በሌላ ቢጽፈው፣ ውጤቶቹ የአንድ ሰው መሆናቸው ላይታወቅ ይችላል። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። አንዱ ላይ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው ላይ በፈረንጆቹ መጻፍ ሁለት ሰው ያስመስላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉም ነገር ፓስፖርቱ ወይም ለፈተናው የሚያቀርበው መታወቂያ ላይ እንዳለው ይጻፍ። በፈተናው ቀን የሚታየውም ይኸው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

7. ጥሩውን ብቻ መላክ ማታለል ነውን?

አንዳንድ እህቶች «የወደቀበትን ደብቆ ያለፈበትን ማሳየት ኃጢአት አይሆንም ወይ?» ይላሉ። የሕሊና ጥያቄ ስለሆነ በቀላሉ አንለፈው።

ማታለል ማለት ሊታወቅ የሚገባውን ከሚገባው ሰው መሰወር ነው። ኮሌጁ ራሱ «የተሻለውን አሳየኝ» ብሎ ደንቡን ካወጣ፣ የተሻለውን መላክ የተጠየቀውን መፈጸም ነው። እናንተም አዲስ ቤት ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ ያረረባችሁን ወጥ አትቆጥሩም፤ የምትችሉትን ታሳያላችሁ። በዚህ ውሸት የለም።

ኮሌጁ «ሁሉንም ላክ» ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱን ማስቀረት ሐሰት ነው። ተማሪው ማመልከቻውን ሲጨርስ የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን ይፈርማልና። ራሱ ጻፍ በተባለበትም አንዲት ነጥብ መጨመር የለበትም። 1340ን 1430 ብሎ የጻፈ ልጅ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ እውነተኛው ማረጋገጫ ሲመጣ ይጋለጣል፤ ቦታውም ይሰረዛል። ያን ጊዜ የሚጠፋው የእርሱ ዕድል ብቻ ሳይሆን የእህቱም የዓመታት ድካም ነው።

ከዚህ ጋር ስለ ደላላ እንናገር። «ውጤት አስተካክላለሁ»፣ «በሌላ ሰው አስፈትናለሁ»፣ «ኮሌጅ አስገባለሁ፣ መቶ በመቶ» የሚል ሰው ሌባ ነው። ኮሌጅ መግባትን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ኤጁኬሽን ዩ.ኤስ.ኤ. የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የምክር አገልግሎት ምክሩን በነጻ ይሰጣል፤ አዲስ አበባም አለ። ተማሪው ለደላላ ከመክፈሉ በፊት እዚያ ይጠይቅ። የማመልከቻ ክፍያውንም ቢሆን መክፈል ለማይችል ተማሪ የሚያነሡ ኮሌጆች ብዙ ናቸው፤ በትሕትና መጻፍ ብቻ ነው።

8. ውጤት ገንዘብ አይደለም

በመጨረሻ አንድ እውነት እንናገር። ከፍተኛ ውጤት በራሱ የትምህርት ክፍያ አይሆንም። ሐርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ.፣ አምኸርስትና ዳርትመዝ የውጭ አገር ተማሪ መክፈል አለመቻሉን ሳያዩ ይመርጣሉ፤ ከተቀበሉትም ቤተሰቡ የማይችለውን ይሸፍናሉ። ግን ወደ እነርሱ የሚገባው ከአመልካቹ እጅግ ጥቂቱ ነው። አብዛኞቹ ሌሎች ኮሌጆች የውጭ ተማሪ ሲቀበሉ ገንዘብ እንዳለው ያያሉ። ስለዚህ ተማሪው በወረቀቱ ላይ ከየኮሌጁ አጠገብ «ለውጭ ተማሪ ምን ያህል ይረዳል?» የሚለውንም ይጻፍ። መልሱ «አይረዳም» ከሆነ፣ ለዚያ ኮሌጅ ውጤት መላኪያ አትክፈሉ። አገር ቤት ያለውን የዩኒቨርሲቲ ዕድልም አይናቅ፤ ብሔራዊ ፈተናውን ችላ ብሎ ለኤስ.ኤ.ቲ. ብቻ መሮጥ ሁለቱንም ሊያሳጣ ይችላል።

እህቶች ሆይ፣ «አይሆንም» ማለት ፍቅር ማጣት አይደለም። የትኛው ክፍያ አስፈላጊ፣ የትኛው ትርፍ እንደሆነ አውቃችሁ ስትልኩ ገንዘባችሁ ቦታው ላይ ይውላል። ተማሪውም የእናንተን ላብ ዋጋ ያውቃል።

በቡድን ለመወያየት

1. አገር ቤት ያለው ተማሪያችሁ የኮሌጆቹን ዝርዝርና ደንባቸውን በወረቀት አዘጋጅቷል? ካላዘጋጀ በዚህ ሳምንት ምን ትጠይቁታላችሁ?
2. በሁለት ቀን ፈተና 590 ንባብና 650 ሒሳብ፣ ከዚያም 640 ንባብና 630 ሒሳብ ያገኘ ተማሪ በሱፐርስኮር ስንት ይሆንለታል? የትኞቹን ቀኖች መላክ አለበት? (መልስ፦ 1290፤ ሁለቱንም።)
3. የተሻለውን በማሳየትና በመዋሸት መካከል ያለው ድንበር የት ነው? በሥራችን ቤትስ ይህ ድንበር የሚፈትነን መቼ ነው?
4. ለቤተሰብ «አሁን አልችልም» ስንል በፍቅር የምንለው እንዴት ነው?

የድካማችሁን ፍሬ የሚያይ አምላክ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፤ የምታስተምሯቸውንም ልጆች በእውነትና በጥበብ ያሳድግላችሁ። አሜን።